የአንድ ልጅ ልዩነት

ከአዲስ አበባ በድሬዳዋ መንገድ ወደ ምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ጭሮ ይደርሳል። በዕድሜ የገፉት ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ ከተማዋ 33,670 ነዋሪዎች ነበሯት፤ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን በጠቅላላው ደግሞ ወደ 1.87 ሚሊዮን ሕዝብ ይኖርበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጭሮ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲን አግኝታለች፤ በ1999 ያልተወለዱ ልጆችም ዛሬ በዩኒቨርሲቲው መማሪያ ክፍል ተቀምጠዋል። ቆጣሪ ግን ተመልሶ አልመጣም። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው አራተኛው አገር አቀፍ ቆጠራ አንዴ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይም እንደገና ተላለፈ።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ሕዝብ ስንት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ግምት 132 ሚሊዮን ገደማ ይላል። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ ግን ለዚያው ዓመት 110 ሚሊዮን አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከጎረቤት ሶማሊያ ሕዝብ በሙሉ ይበልጣል። ሕዝባችን በዛ ወይስ አነሰ የሚለው ሙግት የሚካሄደው እንዲህ ባለ ጭጋግ ውስጥ መሆኑን ከመነሻው ልብ ማለት ይገባል።

ሙግቱ የዓለም ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት የዓለም መሪዎች እንቅልፍ ያጡት በሕዝብ መብዛት ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ የሚጨነቁት ስለሚወለዱት ልጆች ማነስ ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 0.72 ወርዷል። የቻይና ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2022 ከስድሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀንሷል። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች የዓለም ሕዝብ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን ያህል ደርሶ ከዚያ ማሽቆልቆል ይጀምራል ይላሉ። በዚያው ትንበያ ኢትዮጵያ በ2050 ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራታል።

እዚህ ላይ አንድ መለኪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለሙያዎች አንድ ሕዝብ ሳይጨምርም ሳይቀንስም ራሱን ተክቶ እንዲኖር አንዲት ሴት በአማካይ 2.1 ልጆች መውለድ አለባት ይላሉ። ሁለቱ እናትና አባትን ይተካሉ፤ ቅንጣቷ ለአቅመ ሔዋንና ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ ለሚሞቱት ማካካሻ ናት። ታዲያ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ምን አገኘ? በአገር አቀፍ ደረጃ 4.6፣ በኦሮሚያ 5.4፣ በሶማሌ 7.2፣ በአማራ 3.7፣ በአዲስ አበባ 1.8። አዲስ አበባ ከተኪው መጠን በታች የወረደችው ደግሞ ያን ጊዜ አይደለም፤ ገና በ1992ቱ ጥናት 1.9 ላይ ነበረች፤ በ1997ቱ ደግሞ 1.4 ደርሳለች። አውሮፓ «እየከሰምን ነው» ብላ ስትጨነቅበት የነበረውን ቁጥር የአፍሪካ መዲና በዝምታ ተጋርታዋለች ማለት ነው።

ከጭሮ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ አውቶቡስ በአንድ ቀን ጉዞ የሚያልፈው ይህን ሁሉ ርቀት ነው። ጥናቱ እስከ ክልል እንጂ እስከ ዞን አይወርድም፤ ሆኖም የገጠሩ አማካይ 5.2፣ የከተማው 2.3 መሆኑ ከሂርናና ከገለምሶ ከተሞች ወጣ ብሎ ያለውን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

የገጠሩን ቤት ማየት ይቅደም፤ ስለ ሕዝብ ብዛት ብዙ የሚወራው ከዚያ በራቀ ቦታ ነውና።

በጭሮ ዙሪያ ያለው የጨርጨር ደጋ መሬት ዳገትና ቁልቁለት ነው። ማሽላና በቆሎ፣ በረድፍ የተተከለ ጫት፣ አንዳንድ ቦታም በዓለም ገበያ በሐረር ስም የሚታወቀው ቡና ይበቅልበታል። ከግማሽ ሄክታር በታች የሚያርስ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። በዚህች ቁራሽ ላይ የሚሠራው ሥራ ግን ማቆሚያ የለውም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን አጥብቆ ይዘራና ሲበቅል እያሳሳ የነቀለውን ለታሰረው ሰንጋ ያበላል፤ ያ በሬ ደልቦ ሲሸጥ የዓመት ጨው፣ የትምህርት ቤት ልብስ፣ የሕክምና ገንዘብ ይሆናል። አገዳውን የሚያሳሳው፣ ተሸክሞ ለበሬው የሚያቀርበው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ጫት የሚለቅመው፣ ፍየል የሚያግደው ማን ነው? ልጅ ነው። ለገበሬ ጡረታ በሌለበት አገር እርጅናን የሚጦረውም ልጅ ነው። ሠርግ ላይ ሽማግሌ ሲመርቅ በአማርኛ «ውለዱ፣ ክበዱ» የሚለው፣ በኦሮሞ ዘንድም «ሆራ ቡላ» እየተባለ መብዛትና ውሎ ማደር አብረው የሚመረቁት ከዚህ ኑሮ በመነጨ ምክንያት ነው። ስድስት ልጅ የወለደ ገበሬ ሒሳብ የማያውቅ ሰው ተደርጎ መታየቱ ከባድ ስህተት ነው። የሚያሰላው እሱ የሚኖረውን ኑሮ ነው።

አስከፊው ነገር ያው ኑሮ በራሱ ላይ መዞሩ ነው። አንድ አባት አንድ ሄክታር ይዞ አራት ወንዶች ልጆቹ ትዳር ሲይዙ ለእያንዳንዳቸው ሩብ ይደርሳቸዋል እንበል፤ የእነዚህ ልጆች ልጆች የሚካፈሉት ከቤት ጓሮ አይበልጥም። ምዕራብ ሐረርጌ ይህን በሥጋው ያወቀ አካባቢ ነው። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በዚያን ጊዜው ኢሉባቦር ወደሚገኘው ጨዋቃ ሄደው ሰፍረዋል። በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የዞኑን ወረዳዎች ገና ከጅምሩ ታቅፏል። በ2008ቱ የኤልኒኞ ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ይኸው ዞን ነበር። መሬት ያጣው ወጣትም ጅቡቲንና የመንን አቋርጦ ሳዑዲ አረቢያ ለመግባት መንገድ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው «እንግዲያው ልጅ ይቀነስ» ማለቱ አይቀርም። የዓለም ታሪክ የሚያስተምረው ግን ይህን ቃል ማን እንደሚናገረውና በማን ላይ እንደሚናገረው መጠየቅን ነው።

ከእንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ማልቱስ የ1798 መጽሐፍ ጀምሮ የሕዝብ መብዛት የረሀብ ምክንያት ነው የሚለው ሐሳብ አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ፖል ኤርሊክ በ1970ዎቹ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በረሀብ ያልቃሉ ብሎ ጻፈ፤ በተናገረው መጠን አልሆነም፤ ፍርሃቱ ግን ፖሊሲ ሆነ። ሕንድ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጇ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ወንዶችን አመከነች፤ ብዙዎቹ በግዳጅ ወይም በማታለል። ቻይና የአንድ ልጅ ፖሊሲዋን ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 2015 ድረስ በቅጣትና በግዳጅ ውርጃ ጭምር አስፈጸመች፤ ዛሬ ሦስት ልጅ ውለዱ እያለች የሚሰማት ጠፍቷል። በፔሩ በፉጂሞሪ ዘመን ከ250 ሺሕ በላይ ሴቶች ሲመክኑ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ የኬችዋ ተወላጅ ድሆች ነበሩ። በተቃራኒው የሮማንያው ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ውርጃን ከልክሎ ሴቶች ለመንግሥት እንዲወልዱ አስገደደ፤ በየሕፃናት ማሳደጊያው የተጣሉትን ሕፃናት ዓለም ያየው አገዛዙ ከወደቀ በኋላ ነው። «አትውለዱ» ያሉትም «ውለዱ» ያሉትም በሴት ማኅፀን ላይ የመንግሥት ማኅተም ለማሳረፍ ሞክረዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያም ተጠቅሳለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974፣ በአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ በሄንሪ ኪሲንጀር መሪነት የተዘጋጀ ሚስጥራዊ ሰነድ፣ የሕዝብ ዕድገታቸው ለአሜሪካ ጥቅም አሳሳቢ ነው ብሎ ትኩረት እንዲደረግባቸው 13 አገሮችን ዘረዘረ። ከሕንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከግብፅና ከብራዚል ጋር ኢትዮጵያ አለችበት። ሰነዱ ከድሃ አገሮች ስለሚገኘው ማዕድን አቅርቦት ጭምር ያስብ ነበር። ይፋ የሆነው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ የሃይማኖት አባት ወይም አንድ አባወራ «ይህ የወሊድ መከላከያ መርፌ ዘራችንን ለማጥፋት የመጣ አይደለም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አይደለምና በትዕግሥት ሊመለስለት ይገባል።

ሌላም ቅርብ ቁስል አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በእስራኤል ቴሌቪዥን የቀረበ ዘገባ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ሴቶች ገና አገር ቤት ጉዞ በሚጠባበቁበት ጣቢያ ሳሉ ጀምሮ፣ ምን እንደሆነ በወጉ ሳይነገራቸው ዲፖ ፕሮቬራ የተባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ይወጉ እንደነበር የሴቶቹን ቃል አሰማ። በቀጣዩ ወር የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፣ ሴቲቱ ስለ መድኃኒቱ ተረድታ ካልፈለገችው በስተቀር መርፌው እንዳይታደስ የሕክምና ተቋማትን አዘዘ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ግዳጅ ስለመፈጸሙ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ሴቶቹ የተናገሩት ግን በቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ዘንድ አልተረሳም። አንዲት ሴት የሚሰጣትን መድኃኒት ስም፣ ሥራና የጎንዮሽ ጉዳት በምትሰማው ቋንቋ ካልተነገራት፣ መርፌው ምንም ያህል ደህና ቢሆን ከእርሷ ላይ የተወሰደ ነገር አለ።

ኢትዮጵያ ራሷ የተጓዘችው መንገድ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ለሕዝብ ማስተዋወቅን በወንጀል ያስጠይቅ ነበር። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሥራውን የጀመረው በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወጣው በሽግግሩ መንግሥት ዘመን፣ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ነው። ፖሊሲው አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ከ7.7 ወደ 4.0 ማውረድን፣ የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚዎችን ደግሞ ከ4 ወደ 44 በመቶ ማድረስን ለእ.ኤ.አ. 2015 ግብ አድርጎ ነበር። ሰውን በልጅ ብዛት የሚቀጣ አንቀጽ አልነበረውም። ይልቁንም የሴቶች ትምህርት፣ የጋብቻ ዕድሜ ከፍ ማለትና የማስታወቂያው ክልከላ መነሣት ከስልቶቹ መካከል ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1994፣ 179 አገሮች ካይሮ ላይ ተሰብስበው ስለ ቁጥር ማውራቱ ቀርቶ ስለ ሴቶች መብትና ጤና ይነገር ሲሉ ኢትዮጵያ ሰነዷን ይዛ ነበር።

ግቡ በቀጠሮው አልደረሰም፤ ለውጡ ግን ትልቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. ካገቡት ሴቶች 8 በመቶው ብቻ የትኛውንም መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። በ2003 ዓ.ም. 29፣ በ2008 ዓ.ም. 36፣ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ 41 በመቶ ደረሱ። በዚያው ጊዜ ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ166 ወደ 59 ወርደዋል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነጥሎ ማየት አይገባም። ከስድስት ልጅ አንዱን ይቀብር የነበረ ቤተሰብ ለመተኪያ ጭምር ይወልድ ነበር፤ የወለደው እንደሚያድግ ሲያምን ግን ማመጣጠን ይጀምራል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል ክትባት ባልነበረበት ዘመን የመጽናኛ ቃል ነበር።

ይህን ለውጥ ያመጡት በአብዛኛው አሥረኛ ክፍል ጨርሰው የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ሴት ሠራተኞችን አስቀመጠ፤ ቁጥራቸው ከ30 ሺሕ አልፏል። ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ መጸዳጃ ያስቆፍራሉ፤ ያስከትባሉ፤ በጤና ኬላው የሦስት ወሩን መርፌ ይወጋሉ፤ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የሦስት ዓመት መከላከያ ማስገባት ተፈቅዶላቸዋል። የሚሰጡትን የጤና ትምህርት በቤቱ ተግባራዊ ያደረገ ቤተሰብ «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ይመረቃል። ቃሉ ለጨርጨር አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአካባቢው ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ሲቆረቁሩ፣ ጨርጨርን ለሌላው አገር አርአያ የሚሆን ሞዴል አውራጃ ለማድረግ ነበር ምኞታቸው። ያን ጊዜ ምሳሌነቱ ከገዥ ይወርድ ነበር፤ አሁን ከአንዲት ጎጆ ጓዳ እንዲወጣ ተፈልጓል።

ሴቶች ከሌሎቹ አብልጠው የመረጡት መርፌውን ነው። በ2008ቱ ጥናት ካገቡት ሴቶች 23 በመቶው በእርሱ ይጠቀሙ ነበር፤ በክንድ የሚቀበረው 8 በመቶ ላይ ነበር። እንክብል በየቀኑ መዋጥ አለበት፤ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል፤ ባል ያገኘዋል። መርፌ ግን ገበያ ተሂዶ ሲመለስ ጤና ኬላ ጎራ ብሎ መወጋት ይቻላል፤ ምልክት የለውም። ሴቲቱ ከባልዋ መደበቅ ማስፈለጉ ያሳዝናል፤ ግን እንዲህ ነው ያለው።

ምዕራብ ሐረርጌ በብዛት ሙስሊም የሚኖርበት ዞን ነው፤ ብዙ የውጭ ጸሐፊዎችም ሃይማኖትን ዋናው እንቅፋት አድርገው ያቀርባሉ። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ እናቶች ልጆቻቸውን ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያጠቡ ይነገራል፤ በነቢዩ ዘመን «ዐዝል» የተባለው ተፈጥሯዊ መከላከያ ይፈጸም እንደነበር በታላላቆቹ የሐዲስ ስብስቦች ተዘግቧል። አብዛኞቹ ሊቃውንት የማይቀበሉት ያለ በቂ ምክንያት ለዘለዓለም መምከንን እንጂ ልጆችን ማራራቅን አይደለም። ኢራን በእ.ኤ.አ. 1989 በጀመረችው ፕሮግራም መስጊዶችንና የገጠር ጤና ቤቶችን አስተባብራ ከስድስት በላይ የነበረውን አማካይ ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ከሁለት አካባቢ አድርሳዋለች። ያው መንግሥት በ2021 ሕግ አውጥቶ ነጻ የወሊድ መከላከያ አቅርቦትን ገድቧል፤ አሁን ልጅ ፈልጓልና። የሰጠውን መብት ሲያሻው የሚነጥቅ መንግሥት ምሳሌ ይህ ነው።

በጨርጨር መንደሮች ከሃይማኖት ይልቅ የሚከብደው የጋብቻ ዕድሜ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል፤ ኦሮሚያም በራሱ የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ አጽንቷል። ሆኖም በ2008ቱ ጥናት በኦሮሚያ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጃገረዶች 17 በመቶው ወልደዋል ወይም አርግዘዋል፤ በአዲስ አበባ 3 በመቶ። በ15 ዓመቷ የወለደች ልጅ በ30 ዓመቷ አያት ልትሆን ትችላለች። በ25 ዓመቷ የምትጀምር ሴት ግን ሦስት ልጅ ብትወልድ እንኳ በትውልዶቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ የሕዝቡም ዕድገት በዚያው ይረጋጋል። ስለ ቁጥር ብቻ የሚያወራ ሰው ይህን አይጠቅሰውም፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ትምህርት አለማቋረጧ ከብዙ ካርቶን መርፌ ይበልጣል። በጥናቱ ምንም ያልተማሩ ሴቶች አማካይ 5.7፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት 1.9 ነው።

የእርዳታ ድርጅቱ ኬር ኢትዮጵያ በምዕራብ ሐረርጌ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ለዓመታት ያካሄደው ፕሮጀክት «አብዲ ቦሩ» ይባል ነበር፤ በኦሮምኛ የነገ ተስፋ ማለት ነው። ትኩረቱ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች ነበሩ። ልጃገረዶቹን በቡድን ሰብስቦ ማስተማር ብቻ ሳይሆን ወላጆችን፣ የሃይማኖት አባቶችንና የቀበሌ ሹማምንትን ጭምር ያነጋግር ነበር፤ ልጅቷ ብቻዋን ነቅታ ቤተሰቧ ካልነቃ ጉዳቱ የሚደርሰው እርሷ ላይ ነውና። ይህን መሰል ሥራ በዘገባ ላይ ደማቅ አይመስልም። በአሥር ዓመት የሚያፈራ ነገር ነው።

ወደ አዲስ አበባ መለስ ስንል ሌላ ገጽታ ይጠብቀናል። በከተማዋ የወሊድ መጠን ከተኪው በታች የወረደው ምዕራባውያን ባለሙያዎች ሳይጠብቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት አምሰን ሲባንዳና ዘውዱ ወበለም የተሳተፉበት የተመራማሪዎች ቡድን ዋናው ምክንያት የጋብቻ መዘግየት መሆኑን፣ ከጀርባውም ሥራ አጥነትና የቤት እጦት መኖራቸውን አመልክቷል። እሸቱ ጉርሙና ሩት ሜስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ በርዕሱ ሳይቀር የልጅ መቀነሱን ያመጣው ድህነት ነው ይላል። ወጣቱ የቤት ኪራይ መክፈል ስላልቻለ ሠርጉን አዘገየ፤ ሴቷ ሥራ ስላላገኘች ጠበቀች፤ አንድ የወለዱት ሁለተኛውን ፈሩት። ይህ ብልጽግና ያመጣው የኮሪያው ዓይነት ማሽቆልቆል ሳይሆን፣ ገና ሳይበለጽግ ልጅ የቀነሰ ከተማ ታሪክ ነው።

ታዲያ አዲስ አበባ ለሕዝብ ምጣኔ አስተማማኝ ድል ናት? አይደለችም። በገጠር ሐረርጌ ካሰበችው በላይ የምትወልደውም፣ በአዲስ አበባ የፈለገችውን ያህል መውለድ ያልቻለችውም ሴት ምርጫቸው በሌላ ነገር ተይዟል። አንዷን የያዛት የጤና ኬላው መራቅ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻና የመሬቱ ጥበት ነው፤ ሌላዋን ኪራይና ሥራ ማጣት። ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር «የሕዝብ ቁጥር ችግር» ብሎ መጥራት ሁለቱንም አለማየት ነው።

የ2008ቱ ጥናት ለዚህ መለኪያ የሚሆን ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል። ሴቶቹ የወለዱት ሁሉ ፈልገው የወለዱት ብቻ ቢሆን ኖሮ አማካዩ ስንት ይሆን ነበር? መልሱ 3.6 ነው። የተወለደው 4.6። የአንድ ልጅ ልዩነት ነው፤ ያም ልዩነት በአገር ደረጃ ሚሊዮኖች ይሆናል። ይህን ልዩነት ለመዝጋት ማንንም ማስገደድ አያስፈልግም። አገሪቱ ራሷ ለሴቶቿ የፈለጉትን ብታደርግላቸው የሕዝቡ ዕድገት በራሱ ይበርዳል። በኦሮሚያ ካገቡት ሴቶች 29 በመቶ ያህሉ ማራራቅ ወይም ማቆም ፈልገው ምንም መከላከያ አልያዙም ነበር፤ አገራዊው አማካይ 22 በመቶ ነው።

ይህም ቢሆን የሕዝቡ ቁጥር ወዲያው አይቆምም። በ1999ኙ ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 45 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ነበር። እነዚያ ልጆች አድገው ዛሬ በመውለጃ ዕድሜያቸው ናቸው። ጭሮ ውስጥ ነገ እያንዳንዷ ሴት ሁለት ብቻ ልውለድ ብትል እንኳ የሚወልዱት እናቶች ቁጥር ብዙ ነውና ከተማዋ ለአሥርታት ማደጓን ትቀጥላለች። ስለዚህ የውኃው መስመር፣ የመማሪያ ክፍሉና በሚኤሶ በኩል በሚያልፈው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ዙሪያ ሊፈጠር የሚገባው ሥራ ለተወለዱት መታቀድ አለበት። የተወለደን ልጅ «ትርፍ» ብሎ መቁጠር የለም።

አሁን ግን ዋናው ስጋት ከሌላ አቅጣጫ መጥቷል። ለዓመታት የኢትዮጵያን የወሊድ መከላከያ አቅርቦት በብዛት ይሸፍኑ የነበሩት የውጭ ለጋሾች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አቋረጠ፤ የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲም ፈረሰ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ቤልጅየም መጋዘን ውስጥ የነበረ 9.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የወሊድ መከላከያ እንዲቃጠል መወሰኑ ሲነገር ከመላው ዓለም ተቃውሞ ተነሣ፤ መድኃኒቱ በአብዛኛው ለአፍሪካ አገሮች የታሰበ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በፊት የኢትዮጵያን ሕዝብ መብዛት ለጥቅሜ አሰጋኝ ያለው መንግሥት አሁን ሴቲቱ የመረጠችውን መርፌ መላክ አቆመ። በሁለቱም ጊዜ ውሳኔው የተሰጠው ዋሽንግተን ውስጥ ነው።

መርፌው የሚሠራው ሦስት ወር ነው። ከገመቺስ ወይም ከቦኬ ገጠር ተነሥታ ቅዳሜ ጤና ኬላ የደረሰች እናት ካርዷን ስታወጣ፣ ሠራተኛዋ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ትጽፍላታለች። ሳጥኑ ውስጥ ያለው መርፌ ካለቀ ያ ቀን በካርዱ ላይ ተጽፎ ይቀራል። መንገዱ ሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ከሆነ፣ ልጅ ታዝላ ከመጣችና ባዶ እጇን ከተመለሰች፣ በሚቀጥለው ገበያ ቀን ተመልሳ መምጣቷ የሚወሰነው በጤና ሚኒስቴር በጀት፣ በዞኑ ጤና መምሪያ መጋዘንና በዚያች አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ላይ ነው።